«ሄል ሐበሺ» እና ሰረጣን፦ የቅመም መዓዛማ ዘይቶች በእስልምና የሕክምና ታሪክና በጋሞ ምድር

በእስልምና የሕክምና ታሪክ የሐበሻ ስም ቀድሞ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጨረሻ ሕመም ዘገባ ነው። ሕመሙ በጸናባቸው ጊዜ በቤቱ የነበሩ ሰዎች ዐረቦች «ለዱድ» የሚሉትን፣ በአፍ ጥግ በኩል የሚንቆረቆር መድኃኒት ሰጧቸው። እንዳያደርጉ በምልክት ነግረዋቸው ነበር፤ ሰዎቹ ግን በሽተኛ መድኃኒት ይጠላል ብለው አለፉት። ሲነቁ አልወደዱትም፤ በቤቱ የነበረ ሁሉ፣ በቦታው ካልነበሩት ከዐባስ በቀር፣ ያንኑ መድኃኒት እንዲቀምስ አዘዙ። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። በኢብን ሂሻም ሲራና በሌሎች ዘገባዎች ደግሞ መድኃኒቱ ከሐበሻ የተመለሱ ሴቶች ያመጡት እንደ ነበረ፣ ነቢዩም ወደ ሐበሻ አቅጣጫ እንዳመለከቱ ተጽፏል። ከጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ጋር በስደት ብዙ ዓመት በሐበሻ የኖሩት አስማእ ቢንት ዑመይስ ስማቸው ከዚህ ጋር ይነሣል። ቅመሙም ተዘርዝሯል፦ የሕንድ ዑድ፣ ጥቂት ወርስ፣ የዘይት ጠብታ።

መድኃኒቱ ለምን ተጠላ? ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ሞ. 852 ሒጅራ/1449 እ.ኤ.አ.) በ«ፈትሑል ባሪ» የሰጡት ማብራሪያ ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ነው። ሰዎቹ ሕመሙን «ዛቱል ጀንብ»፣ ማለት የጎን ውጋት መስሏቸው ለእርሱ የሚስማማውን ሰጡ፤ ሕመሙ ግን ያ አልነበረም። ስለዚህ የተጠላው መድኃኒት መውሰድ በጠቅላላው አይደለም፤ መድኃኒቱና ሕመሙ አለመገጣጠማቸው ነው። ሙስሊም ከጃቢር የዘገቡት ሐዲስም ለሕመም ሁሉ መድኃኒት እንዳለ ካስረዳ በኋላ ፈውሱን በአላህ ፈቃድ መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያገኘው ከሚሆነው ጋር ያያይዘዋል።

ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየመድረሳውና በየመስጊዱ መምህራንና ኢማሞች በብዛት ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ካንሰርና ስለ ቅመም ዘይት ነው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ሐዲሱም አብሮ ይነገራል። በደቡብ ደግሞ ኮረሪማና ዝንጅብል የዕለት ምግብ በሆኑበት በጋሞ ምድር ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፦ ቅመማችን ራሱ ካንሰርን ይከላከላል ይባላልና እውነት ነውን? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘች ሴት ሐኪም ዘንድ በመሄድና ዘይት እየጠጡ በመጠበቅ መካከል ስትመርጥ የኢማሟ አንድ ቃል ሚዛኑን ሊያጋድለው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ኡለማኦቻችንና ሐኪሞቻችን ነገሩን እንዴት እንደ መዘኑት፣ የዛሬውም ቤተ ሙከራ የት እንደ ደረሰ ይመረምራል።

ከራሳችን ቅመም እንጀምር። ኮረሪማ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮ፣ በከፋና በአካባቢው በእርጥብ ጥላ ሥር ይበቅላል። ዐረቦች «ሄል ሐበሺ» ወይም «ሐብሃል ሐበሺ» ይሉት ነበር፤ የሐበሻ ሄል ማለት ነው። ስሙ ራሱ የንግድ ታሪክ ነው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ኮረሪማ ከዓባይ ማዶ ካለ አገር ወደ ባሶ ገበያ ይመጣ እንደ ነበረ፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወርዶ ወደ ዐረብና ወደ ሕንድ ይጫን እንደ ነበረ ዘግቧል። ያን ጊዜ በጎጃምና በምጽዋ መካከል የነበረው የሩቅ ንግድ በአመዛኙ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1874 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የታተመው የፍሉኪገርና የሃንበሪ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ይህን መዝግቦ አንድ ትንሽ ነገር ይጨምራል፦ ፍሬው እንዲደርቅ ተበስቶ በገመድ ይሰካ ነበር፤ ዐረቦችም አንዳንድ ጊዜ ያን የኮረሪማ ክር መስቢሓ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር። መዓዛ ያለው ዚክር ማድረጊያ! ወደ ደቡብ ወርዶ ገበያ ላይ በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ያየ ሰው ነገሩን ለማመን አይቸገርም።

ይህን ሁሉ ስናነብ ግን የምናገኘው ኮረሪማ ሆድን የሚያሞቅ፣ ነፋስን የሚገፋ፣ ቡናንና ቅቤን የሚያጣፍጥ ቅመም ሆኖ ነው። በካንሰር ላይ ተሰጥቷል የሚል የቀድሞ ምስክር አላገኘንም። ስለዚህ በሃይማኖት ስም የሚቀርበው ክርክር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በጥቁር አዝሙድ ላይ ነው።

አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የመዘገቡት ሐዲስ ጥቁሯ ፍሬ ከሞት በቀር ለሕመም ሁሉ ፈውስ እንዳላት ይናገራል። የሐዲሱ ሰሒሕነት አያነጋግርም። የሚያነጋግረው መረዳቱ ነው፤ በዚህም ላይ ቀደምቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። መጀመሪያ ፍሬዋ ምንድን ናት ብለው ጠየቁ። ኢብን ሺሃብ «ሹኒዝ» ናት አሉ፤ እርሷም የእኛ ጥቁር አዝሙድ ናት። ከሐሰን አል-በስሪ ሰናፍጭ ናት የሚል ተነግሯል፤ የቡጥም ዛፍ ፍሬ ናት ያለም አለ። ኢብን ሐጀር የመጀመሪያውን አጸኑ። የፍሬዋ ማንነት እንኳ በምርመራ የጸና መሆኑን ልብ እንበል።

ቀጥሎ «ሁሉ» የሚለው ቃል መጣ። አል-ኸጣቢ (ሞ. 388/998) ቃሉ አጠቃላይ ቢሆንም የተፈለገው የተወሰነ ነው ይላሉ፤ የሁሉንም ሕመም ተቃራኒ ባሕርይ በአንድነት የያዘ ተክል በተፈጥሮ የለምና። አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ ከማር ጋር አነጻጸሩት። በሐኪሞች ዘንድ ማር ለሕመም ሁሉ መድኃኒት ለመባል ከጥቁር አዝሙድ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ማር የሚጎዳቸው በሽተኞች አሉ፤ ስለ ማር የተነገረው በአብዛኛው የሚል ከሆነ የጥቁር አዝሙዱም እንዲሁ መሆኑ አይገርምም አሉ። ኢብኑል ቀይም (ሞ. 751/1350) በ«ዛዱል መዓድ» ሌላ ማስረጃ አመጡ፦ በሱረቱል አሕቃፍ የዓድን ሕዝብ ያጠፋው ነፋስ ሁሉን ነገር አጠፋ ተብሏል፤ ትርጉሙ ግን ጥፋትን የሚቀበለውን ሁሉ ነው። ጥቁር አዝሙድም በቀዝቃዛ ሕመሞች ላይ እንደሚጠቅም ዘርዝረው፣ አብዝቶ መውሰዱ ይገድላል ያሉ ሰዎች እንዳሉ ሳይጠቅሱ አላለፉም።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ኢብን አቢ ጀምራ የነቢዩን ቃል በሐኪሞችና በልምድ ሰዎች ቃል መገደብ ስሕተት ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ሐኪሞች የሚመሩት በግምት ነውና የማይስተው ቃል ይቀድማል ባይ ናቸው። ይህን አስተያየት አቅልለን አናልፈውም፤ ከኢማን የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ኢብን አቢ ጀምራን የሚጠቅሱ ሁሉ ከሐዲሱ ጋር በቡኻሪ የተያያዘውን ታሪክ ሊያነቡት ይገባል። ኻሊድ ኢብን ሰዕድ እንደሚተርኩት በጉዞ ላይ ሳሉ ጓዳቸው ጋሊብ ኢብን አብጀር ታመሙ፤ መዲና ሲደርሱም ገና አልተሻላቸውም። ኢብን አቢ ዐቲቅ ሊጠይቋቸው መጥተው ከጥቁሯ ፍሬ አምስት ወይም ሰባት ወስደው እንዲወቅጡ፣ በዘይት እንዲያንጠባጥቡት፣ በአፍንጫ ቀዳዳ በዚህም በዚያም እንዲያደርጉት አዘዙ፤ ከዚያም ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) የሰሙትን ሐዲስ ነገሩ። እዚህ ላይ ፍሬ ተቆጥሯል፤ አዘገጃጀት ተነግሯል፤ መንገዱ አፍንጫ መሆኑ ተለይቷል። ኢብን ሐጀርም ሕመሙ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ መድኃኒቱ በአፍንጫ የተሰጠው ለዚህ ነው። ሐዲሱን ያስተላለፈው ትውልድ ራሱ ሐዲሱን የተጠቀመው በመጠን፣ በአሠራርና በሕመም ለይቶ ነው። ጠርሙስ ሙሉ ዘይት ለማይታወቅ እባጭ አጠጡ የሚል ትርጓሜ ከዚህ ሰነድ አይወጣም።

ወደ ሐኪሞቹ ስንሻገር ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በዐረብኛ ካንሰር «ሰረጣን» ይባላል፤ ሸርጣን ማለት ነው፤ በእባጩ ዙሪያ የሚታዩት ደም ሥሮች የሸርጣን እግር መስለዋልና። ኢብን ሲና (ሞ. 428/1037) በ«አል-ቃኑን» ስለ ሹኒዝ ሲጽፉ የአክታ እባጮችንና ጠንካራ እባጮችን ያሟሟል ይላሉ። የዛሬ ዘይት ሻጮች የሚጠቅሱት ይህችን ቃል ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ጠንካራ እባጭን ከሰረጣን ይለያል፦ ሰረጣን ያማል፣ ይነዝራል፣ ያድጋል፣ በዙሪያው ሥር ይዘረጋል። ስለ አንዱ የተነገረውን ለሌላው ማድረግ ቃኑንን አለማንበብ ነው። ለሰረጣን ሕክምና የሰጡት ምክር ሲታይማ ጭራሽ ወደ ሌላ ነው። በእነርሱ ሥርዓት ሰረጣን ከተቃጠለ ጥቁር ሐሞት የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ በሽተኛው እንደ ገብስ ውኃ ያለ የሚያቀዘቅዝና የሚያረጥብ ምግብ ይበላል። ትኩስ ቅመም በትኩስ ሕመም ላይ አይጨመርም ነበር! የሐሞት ትምህርቱ ዛሬ አብቅቷል፤ ሆኖም «የእስልምና ሕክምና ካንሰርን በቅመም ይፈውስ ነበር» የሚለው አባባል በዋናው መጽሐፍ እንደማይደገፍ መታወቅ አለበት።

ኢብን ሲና ገና በጅምሩ የተያዘ ሰረጣን እንዳያድግና እንዳይቆስል ማድረግ ይቻላል ይላሉ፤ ትንሽና ለመቆረጥ በሚመች ቦታ ከሆነ ሥሩ ሳይቀር ከዙሪያው ጋር ይወገዳል፤ የተደበቀውን ግን አለመነካካት ይሻላል። የአንደሉሱ ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ሞ. 404/1013) ደግሞ ያረጀና የተለቀ ሰረጣንን አትቅረቡት ብለው፣ እርሳቸው አንዱንም እንዳልፈወሱ፣ ከእርሳቸው በፊትም የፈወሰ ሰው እንዳላዩ በግልጽ ጽፈዋል። ሠላሳ ክፍል የሕክምና መጽሐፍ የጻፈ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው ነው ይህን የሚለው። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በጠርሙስ ላይ «ለካንሰር» ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ ከአዝ-ዘህራዊ የበለጠ ድፍረት ከየት አመጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን «መዓዛማ ዘይት» የምንለው ምን እንደ ሆነ እንለይ፤ ብዙው መደናገር ከዚህ ይነሣልና። ጥቁር አዝሙድ ሲጨመቅ የሚወጣው ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ሰሊጥ ዘይት ያለ፣ የማይተን ቅባት ነው፤ ከፍሬው ክብደት ሲሶ ገደማ ይደርሳል። ሽታውን የሚሰጠው ግን ሌላ ነው፤ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ የሆነ፣ በሙቀት የሚተን፣ በእንፋሎት ተለይቶ የሚወጣ ተናኝ ዘይት። ያዕቆብ አል-ኪንዲ በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ስለ ሽቶ አሠራርና ስለ ማንጠር መጽሐፍ ጽፈዋል። ማንጠሪያው «አንቢቅ»፣ የሚንጠባጠበውም «ዐረቅ»፣ ማለት ላብ፣ ይባል ነበር። የእኛ አገር አረቄ ስሙን ከዚሁ ቃል መውሰዱ የታሪክ ቀልድ ነው። የአገራችን ወጥ ቤት ይህን ልዩነት ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል፦ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ያለበት መከለሻ ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚነሰነሰው ሽታው በእሳቱ ተንኖ እንዳያልቅ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር ቅመም የሚገባበትም ቅባት መዓዛን ስለሚይዝ ነው።

በ1963 (እ.ኤ.አ.) ግብጻዊው ተመራማሪ ኤል-ዳኻኽኒ ከጥቁር አዝሙድ ተናኝ ዘይት «ታይሞኪኖን» የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ከዚያ ወዲህ በታይሞኪኖን ላይ የተጻፈው ብዙ ነው። በብርጭቆ ሳሕን ውስጥ በሚያድጉ የካንሰር ሴሎች ላይ ሲጨመር ሴሎቹ በራሳቸው ሥርዓት እንዲሞቱ ያደርጋል፤ በአይጦችም ላይ በአንዳንድ ሙከራዎች የዕጢን እድገት ቀንሷል። የኮረሪማ ፍሬ ተናኝ ዘይት ዋና ክፍል «ሲኒዮል» ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልን ሽታ የሚሰጠው ይኸው ነው። የነጭ አዝሙድ ቲሞል፣ የቅርንፉድ ዩጂኖል፣ የድምብላል ሊናሎልም እንዲሁ በሳሕን ተፈትነዋል። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ከመፈወስ ይልቅ ስለ መከላከል የተገኘው ነው። የካንሰርን መነሻ በንጥረ ነገር አስቀድሞ የመግታት ሐሳብ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በማይክል ስፖርን ስም ካገኘ በኋላ፣ ሊ ዋተንበርግና ባልደረቦቻቸው በብርቱካን ልጣጭ ያለውን ሊሞኒንና በካራዌ ፍሬ ያለውን ካርቮን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ለተሰጣቸው አይጦች ሰጥተው የዕጢው ቁጥር እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። አሠራሩም የሚገባ ነው፦ እነዚህ መዓዛዎች መርዝን የሚያከሽፉ የጉበትና የአንጀት ኢንዛይሞችን ያነቃቃሉ።

ታዲያ ከአይጥ ወደ ሰው ያለው ሰነድ እንዴት ነው? በሐዲስ ጥናት ያደገ አንባቢ ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። የብርጭቆ ሳሕን አንድ ዘጋቢ ነው፤ አይጥ ሌላ ነው፤ ሰው ዘንድ የሚያደርሰው ሰንሰለት መካከሉ ከተቆረጠ ዘገባው «ሙንቀጢዕ» ነው። ሴልን በሳሕን መግደል ቀላል ነው፤ ጨውም ኮምጣጤም ይገድለዋል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በሳዑዲ ዐረቢያ ሌላ ሕክምና ባልበገረው ካንሰር ለተያዙ 21 ሰዎች ታይሞኪኖን በአፍ ተሰጥቶ ነበር። ንጥረ ነገሩን ሰውነታቸው ቻለው፤ በካንሰሩ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። የሙከራው ዓላማ ጉዳት የሌለው መጠን ማወቅ ስለ ነበረ ይህ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን በሙስሊም ተመራማሪዎች፣ በሙስሊም አገር፣ ሐዲሱን በሚያውቁ ሰዎች የተካሄደ ሥራ በመሆኑና ውጤቱም ሳይሸፋፈን በመውጣቱ ለእኛ ልዩ ክብደት አለው።

በዚያው በ1963 ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ እርሱም የተገኘው ከአበባ ተክል ነው፤ ዛሬ የሕፃናትን የደም ካንሰር ከሚፈውሱት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ተክሉን ቀቅሎ የጠጣ ሰው ግን አይድንበትም፤ ይመረዝበታል። ከተክል ፈውስ ይገኛል ማለትና ተክሉ ይፈውሳል ማለት የተለያዩ ናቸው። ሁሉም መዓዛማ ዘይት ወዳጅ አለመሆኑንም እንጨምር። ሳፍሮል የተባለው፣ በሳሳፍራስ ዛፍ በብዛት፣ በገውዝ በጥቂቱ የሚገኘው መዓዛ በአይጦች ላይ የጉበት ካንሰር ስላመጣ ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ምግብ ላይ እንዳይጨመር ተከልክሏል። በቁንጣሪ ቅመም ያለው መዓዛ አያሰጋም፤ ተነጥሮ በጠርሙስ የተከማቸው ሌላ ነገር ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ በሽተኛማ ለሐኪሙ ሳይነግር ምንም ዓይነት የተከማቸ ዘይት መጠጣት የለበትም፤ በጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

የመድኃኒቱና የሕመሙ መገጣጠም በሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኦቾሎ እንውጣ። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያይ ተራራ ላይ ያለች የጋሞ መንደር ናት። በምሁራን ዘንድ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው የአደባባይ ሸንጎዋ ነው፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1983 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ጽፈውበታል። ሁለተኛው ቁንጭር ነው፤ ፊት ላይ የሚወጣና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የማይድን ቁስል። ተመራማሪዎች መንደሯን ለአሥርት ዓመታት ተመላልሰው አጥንተዋል፤ በቅርቡም የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን ቀጥለዋል። ቁስሉን የሚያመጣው ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ነፍስ መሆኑ፣ በገደሉ ዋሻ የሚኖረው ሽኮኮ እንደሚያቆየው፣ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው እንደምታሻግረው የታወቀው በዚህ ልፋት ነው።

አንድ ቁስልን ለማወቅ ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቷል። ፊት ላይ የሰነበተ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ የቆዳ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። ለሦስቱም አንድ ዘይት የሚቀባ ሰው የጎን ውጋት መስሎት ለዱድ ካንቆረቆረው ሰው በምን ይለያል? ልዩነቱ የመዲናዎቹ በቅን ልቦና ያደረጉት መሆኑ ነው።

ስለ መከላከል ከተነሣ ደግሞ በጋሞ ወጥ ቤት ላይ ከመዓዛው ይልቅ ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሚጥሚጣው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ኮረሪማው ተፈጭቶ የሚሠራው ዳጣ ለምግብ ፍላጎትና ለጣዕም መልካም ነው፤ ሱረቱል ኢንሳን ከጀነት መጠጥ ጋር ዝንጅብልን ማንሣቱም ለቅመሙ ክብር ይበቃዋል። ሆኖም ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ፣ እርጥበት ያገኘው ዝንጅብልና እህል ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። አፍላቶክሲን በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም ከተረጋገጡት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በሄፓታይተስ ቢ በተያዘ ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። በአገራችን ገበያ ላይ ባለ በርበሬም ተገኝቷል። ቅመም ካንሰርን ይከላከላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ዛሬ በእርግጠኝነት ልንመልሰው የምንችለው ክፍል ይህ ነው፦ የሻገተ ቅመም ያመጣል። በቆጥ ላይ በደንብ ደርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የተቀመጠ በርበሬ ከማናቸውም የጠርሙስ ዘይት ይልቅ ለጉበት ይጠቅማል።

ለኢማሙ የሚቀረው የፊቅህ ጉዳይ ነው። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ በሕክምና ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ኡለማእ ይህን በዋናነት የተረዱት በሐኪም ነኝ ባይ ላይ ነው። ዘይቱን የሚሸጥና «ሐኪም ቤቱን ተወው» ብሎ የሚመክር ሰው በዚህ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየንም፤ ከሚንበር ላይ ቢናገረውም እንኳ። ጥቁር አዝሙድን በሐዲሱ አምኖ፣ በምግብ መጠን፣ ከሕክምናው ጋር አብሮ መውሰድ ግን የሚከለከል አይደለም፤ ኢማሙም ይህን ሲሉ ሐዲሱን አያሳንሱም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሰዕድን በታመሙ ጊዜ ከጠየቋቸው በኋላ ወደ ሐኪሙ ሐሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ እንዳመለከቷቸው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። የዛሬው ጋሞ ሐሪስ ሩቅ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሌሎች ከተሞች ተጨምረዋል። በሴቶቻችን ላይ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜ ሲገኙ የመዳን ተስፋቸው ትልቅ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ለሕፃናት ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ገብቷል። የመድረሳ መምህር ከእነዚህ ልጃገረዶች ጋር በየዕለቱ ይገናኛል፤ ኢማሙ ደግሞ ወላጆቻቸውን በየጁሙዓው ያገኛል። ድሃ በሽተኛ ለጉዞውና ለሕክምናው ከዘካ ገንዘብ ሊሰጠው እንደሚገባ በመዝሀቦቹ የታወቀ ነው፤ ከድሆች ድርሻ፣ በመንገድ ላይ ስንቅ ካለቀበትም ከመንገደኛ ድርሻ ይሰጠዋል።